ስለ ደም ቧንቧ ጥያቄ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ

ጋሽ ፊዚዮ፦ ድሬዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ሰውነት ራሱ ስለሚሠራው፣ የደም ቧንቧን ስለሚያፍታታው ጋዝ፣ ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ሁለት መስመር ብጽፍ የውስጥ መስመሬ በጥያቄ ተጨናነቀ። እዚሁ ሁሉም ፊት እንጨርሰው። ፊዚዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው እኔን አንብቦ እንዳያቋርጥ።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ ጋሼ፣ ይሄ የሚያስቀው ጋዝ ነው አይደል?

ጋሽ ፊዚዮ፦ አይደለም። እሱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ቀጥሉ።

ከዚራ፦ ሁሉም የሚያወራው ስለ ትንንሾቹ የደም ስሮች ነው። ትልልቆቹ ላይ ምን ይሠራል?

ጋሽ ፊዚዮ፦ አቦ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ደም ማሳለፍ ብቻ አይደለም ሥራው። ልብ ደም ሲረጭ ይለጠጣል። ልብ ሲያርፍ ተመልሶ ይሰበሰብና ደሙን ወደፊት ይገፋዋል። ግድግዳው ውስጥ ሦስት ነገር አለ። የሚለጠጠው ኤላስቲን፣ ከልክ በላይ እንዳይለጠጥ የሚይዘው ኮላጅን፣ እና ጡንቻ። ጋዙ ወዲያው የሚያዘው ጡንቻውን ነው። ቧንቧውን ከውስጥ የሸፈነው አንድ ረድፍ ሴል፣ ኢንዶቴልየም፣ ደም እያሻሸው ባለፈ ቁጥር አርጂኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋዙን ይሠራል። ዕድሜው ሰከንዶች ነው። ጎረቤት ወዳለው ጡንቻ ሰርጎ ይገባና ያፍታታዋል።

ይሄ የታወቀው ደግሞ በትልቅ ቧንቧ ነው። ፈርችጎት የሚባል አሜሪካዊና ረዳቱ ዛዋድስኪ የጥንቸል አኦርታ ቆርጠው አሴቲልኮሊን የሚባል የነርቭ ኬሚካል ይጨምሩበታል። አንዱ ቁራጭ ይፍታታል፣ ሌላው ይኮማተራል። ግራ ገባቸው። ለካ የሚኮማተረው ሲዘጋጅ የውስጥ ሽፋኑ ተፍቆ ኖሯል! ይህን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከሽፋኑ የሚወጣው ነገር ይሄ ጋዝ መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1998 ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ ኖቤል ተሸለሙበት። ኖቤል ራሱ ሀብታም የሆነው በናይትሮግሊሰሪን ፈንጂ ነው። በስተርጅና ልቡን ሲያመው ሐኪሞች ያዘዙለት ያንኑ ናይትሮግሊሰሪን ነበር። የሚሠራውም ይሄንኑ ጋዝ እየሰጠ ነው።

ሳቢያን 2፦ ታዲያ ጋዙን የሚጨምር ዱቄት ገዝቼ ብጠጣ ቧንቧዬ እንደ ልጅነቴ ይሆናል?

ጋሽ ፊዚዮ፦ አይሆንም። ትናንት የግቢዬን የውሃ ጎማ ላነሳ ስል እጄ ላይ ተሰነጠቀ። ስንት ዓመት የድሬ ፀሐይ ሲቀቅለው ኖሯል። ዘይት ብቀባው ላስቲክነቱ ይመለሳል? ኤላስቲንም እንደዚያ ነው። አብዛኛው የሚሠራው በጽንስነትና በልጅነት ነው፣ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይተካም። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። 60 ዓመት አባዙት። ጋዙ የተጨማደደ ጡንቻ ይፈታል፣ ያለቀ ኤላስቲን አይቀጥልም። ዱቄት የሚሸጥላችሁ ሰው ይሄን አይነግራችሁም።

ባጃጅ 14፦ እኔ ግን በርጫ ላይ ስቀመጥ ደም ስሬ ሲፈታ ይሰማኛል፣ ወላሂ።

እሙ ሐያት፦ የተፈታው ምላስህ ነው።

ጋሽ ፊዚዮ፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ከጎኑ የሚጨሰው ሲጋራ ደግሞ ጋዙ ሥራውን ሳይሠራ እንዲጠፋ ያደርጋል። ጫቱን ተዉ ብዬ ከድሬ ሕዝብ ጋር አልጣላም። ሲጋራውን ግን ተዉት።

ባጃጅ 14፦ አባቴ በ80 ዓመቱ ይቅማል፣ ምንም አልሆነ።

ጀጎል፦ ድሮ የሚቃመው ንጹሕ ነበር። ያሁኑ መድኃኒት ይረጭበታል።

ባጃጅ 14፦ ሐረሮች ደግሞ ሁሌ የእኛ ይሻላል!

ጋሽ ፊዚዮ፦ የጫት ገበያ አላወጣሁም። ጥያቄ!

እሙ ሐያት፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የላይኛው 165፣ የታችኛው 70 ነው። ጎረቤት ሁሉ “የታችኛው ጥሩ ነው፣ አትስጊ” ይለኛል።

ጋሽ ፊዚዮ፦ ጎረቤት ተሳስቷል። የሁለቱ ልዩነት 95 ነው፣ ሰፊ ነው። አኦርታ ሲደርቅ የልብን ግፊት የሚያለዝብለት የለም፣ ስለዚህ የላይኛው ይወጣል። ልብ ሲያርፍ መልሶ የሚገፋ ስለሌለ የታችኛው ይወርዳል። የምቱ ሞገድም በደረቅ ቧንቧ ይፈጥናል። ከአንገት እስከ ጭን ተለክቶ በሰከንድ ከ10 ሜትር ካለፈ ሐኪሞች የመድረቅ ምልክት ይሉታል። እናትሽ ቡና ሳትጠጣ፣ አምስት ደቂቃ አርፋ፣ ክንዷን በልቧ ትይዩ አድርጋ በሌላ ቀን ደግማ ትለካ። ቁጥሮቹን ጽፈሽ ለሐኪሟ አሳዪ። መድኃኒት ካላት እንዳታቋርጥ፣ ደግሜ እላለሁ።

ሳቢያን 2፦ ዱቄቱ ቢቀር ቀይ ስርስ?

ጋሽ ፊዚዮ፦ እሱ ይሻላል። ቀይ ስር፣ ቆስጣና ሰላጣ ናይትሬት አላቸው። ምላስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ ከዚያ ሰውነት ጋዙን ያወጣዋል። ስለዚህ ጠዋት ማታ ጀርም በሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ የምትታጠቡ፣ ሠራተኞቹን እየገደላችሁ ነው። ቀቅላችሁ ውሃውን ከደፋችሁትም ናይትሬቱ አብሮ ይሄዳል። አትክልቶቹ ፖታሲየም ስላላቸው ግን ኩላሊት የሚያመው ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስም የለሽ፦ ለጓደኛዬ ነው። ቪያግራስ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው?

ጋሽ ፊዚዮ፦ በዚሁ ነው። ለደረት ሕመም እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያለ የናይትሬት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ግን ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይወስድ። ግፊቱ ድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ለጓደኛህ አሁኑኑ ደውልለት።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ደም ስር ምን ይመክሩናል?

ጋሽ ፊዚዮ፦ ከላይ አንብብ።

ሳቢያን 2፦ ዱቄቱን ግን አንድ ወር ብሞክረውስ?

ጋሽ ፊዚዮ፦ ጎማዬን ላምጣልህ? ስትራመድ ደሙ ሽፋኑን ያሻሸዋል፣ ጋዙም በነፃ ይመረታል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በለገሃር በኩል እራመዳለሁ። የፈለገ ይምጣ። ደህና እደሩ።

ጀጎል፦ ባጃጅ፣ የሐረር ይሻላል ያልኩት የቱ ጋ ነው?