የአዳማውን ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ሆኖ ማሠራት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። እናቴን ለማሳከም አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ያለው ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። አለቃዬ «ከዚያው ሆነሽ ሥሪ» ብሎኛል። ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማሠራት አንዱ ቲምቪወር የሚባለውን ፕሮግራም ይለኛል፣ ሌላው ኤኒዴስክ። የቱን ልያዝ? ኔታችን ቀርፋፋ ነው፣ መብራትም ይጠፋል።

መልስ፦ በቅድሚያ እናትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን በነፃ የሚሰጡት ለግል ጉዳይ ነው። የድርጅት ሥራ መሆኑን ከጠረጠሩ ያቋርጡብሻል፣ ደሞዝ እየሠራሽ መሀል ላይ ቢሆንም እንኳ። አለቃሽ እከፍላለሁ ካለ ኤኒዴስክን ያዢ፤ ቀርፋፋ ኔት ላይ ጎበዝ ነው።

ካልከፈለ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕን እመርጥልሻለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከስልክም ይከፈታል። ቢሮው ኮምፒውተር ላይ በጎግል አካውንት ገብተሽ ትጭኚዋለሽ፣ ቢያንስ 6 አሃዝ ያለው ፒን ታወጪለታለሽ። እባክሽ 123456 አታድርጊው! አካውንቱ ላይም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪ፣ ምክንያቱም ያ አካውንት በሰው እጅ ከገባ የሱቁ ሂሳብ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ያቺ ፒን ብቻ ናት።

የዊንዶውስ የራሱ ሪሞት ዴስክቶፕስ? ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሆም ከሆነ ከሩቅ አያስገባም፣ ፕሮ ይፈልጋል። ፕሮም ቢሆን ራውተሩ ላይ ፖርት 3389ን (ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር) ለኢንተርኔት ክፈቱ የሚልሽን ሰው አትስሚ። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሌቦች መጀመሪያ የሚያንኳኩት እሱን ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። እውነቱን ለመናገር ከሶፍትዌሩ ምርጫ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ከጠፋ ፕሮግራሙ ብቻውን አዲስ አበባ ሆነሽ አያስነሳልሽም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈት ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አድርጉት፤ ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ይህ ምርጫ አለ። ስሊፕ እንዳይገባም አድርጊ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካለ ራውተሩንም እሱ ላይ ሰኩት። ፒችትሪ ተከፍቶ እያለ መብራት ድርግም ቢል ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ሥራ ስትጨርሺ ባክአፕ ሳታደርጊ አትውጪ።

ሌላ ደግሞ፣ አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ በኤኒዴስክም ሆነ በክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ የምትሠሪው ቢሮው ሞኒተር ላይ ሊታይ ይችላል። ማውሱ ብቻውን ሲሄድ፣ የሰው ደሞዝ ሲከፈት፣ ደንበኛው ቆሞ ያያል። ሞኒተሩን ብቻ አጥፍተሽ ሂጂ፣ ኮምፒውተሩ ይሥራ።

ከመሄድሽ በፊት ደግሞ እዚያው አዳማ ሆነሽ በስልክሽ ዳታ ሞክሪው፤ በቢሮው ዋይፋይ አይደለም። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገሽ ማንም ሳይነካው መልሰሽ መግባት ከቻልሽ፣ በቃ፣ መሄድ ትችያለሽ።