ሁለተኛውን ድራይቭ ከመንካታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

የጥገና ሙያ የጀመራችሁ ወጣቶች ምክር ስትጠይቁኝ ሐሳቤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሌሊት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. 1979 ነው። ቦስተን አካባቢ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ማሽኑ ፒዲፒ-11/34 ይባላል፤ ቁም ሳጥን በሚያህል መደርደሪያ ውስጥ የተገጠመ ሚኒኮምፒውተር ነው። መረጃ የሚያስቀምጥባቸው ሁለት አርኬ05 ዲስክ ድራይቮች ነበሩት። የሠራው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ማሳቹሴትስ፣ ሜይናርድ ከተማ ነበር።

አርኬ05ን አይታችሁት አታውቁ ይሆናል። ካርትሪጅ የሚጎርስ ድራይቭ ነው። ካርትሪጁ ውስጥ ስፋቱ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ዲስክ አለ፤ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚይዘው 2.5 ሜጋባይት ነው። በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ ልትሞላው ትችላለች። የሚያነበውና የሚጽፈው ሄድ ዲስኩን አይነካም፤ ከዲስኩ ጋር በሚዞረው ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ክፍተቱ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያንሳል። እዚያ መሐል ብናኝ ከገባ ሄዱ ወርዶ ዲስኩን ይፍቀዋል።

ያን ሌሊት የመጀመሪያው ድራይቭ ምስማር ቆርቆሮ ላይ ሲጎተት ዓይነት ድምፅ አወጣ። የብልሽት መብራቱ በራ። ሳይነጋ ላስተካክለው ፈለግሁ። የተበላሸው ካርትሪጁ ነው ወይስ ድራይቩ? ለመለየት ካርትሪጁን አውጥቼ ሁለተኛው ድራይቭ ውስጥ ከተትኩት። ያው ድምፅ። በቃ ካርትሪጁ ነው አልኩ። የመጠባበቂያ ቅጂውን ከመደርደሪያ አምጥቼ የመጀመሪያው ድራይቭ ላይ ጫንኩ። አሁንም ያው ድምፅ።

ሲነጋ ሁለቱም ድራይቮች ሞተዋል። ዋናውም ቅጂውም ተፍቀዋል። የአንድ ተመራማሪ የወራት ልኬት እነሱ ላይ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ሰውየው ጠዋት ሲመጣ ምን እንዳልኩት ዛሬም አስታውሳለሁ። አልጽፈውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተፋቀ ዲስክ ጤነኛውን ሄድ ያበላሻል። የተበላሸ ሄድ ደግሞ ጤነኛውን ዲስክ ይፍቃል። ልክ እንደ ተላላፊ በሽታ። እኔ በገዛ እጄ በሽታውን ከክፍል ክፍል አዞርኩት። ዕቃ እየቀያየሩ መፈተሽ መጥፎ ልማድ ነው ማለቴ አይደለም። ኪቦርድ ቢሆን፣ ኬብል ቢሆን እኔም የማደርገው ነው። ግን መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ዕቃ ሳዛውረው ብልሽቱ አብሮት ሊሄድ ይችላል ወይ? መልሱን ካላወቃችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አሮጌ ማሽኖችን አድሳለሁ። ባለፈው ክረምት ለብዙ ዓመታት የተቀመጠ አርኬ05 እጄ ገባ። አንድ ወጣት ወዳጄ ሊያግዘኝ መጣ። ሶኬት ሳንሰካ ክዳኑን ፈታን። የአየር መተላለፊያው ስፖንጅ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ብናስነሳው ኖሮ ፍርፋሪው ቀጥታ ዲስኩ ላይ ነበር የሚነፋው። መብራት ሲጠፋ ሄዶቹን ወደ ኋላ የሚስበው የኒኬል ካድሚየም ባትሪም አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ፈሷል። ሁለቱንም አወጣን። ከዚያ በእጅ ባትሪና በትንሽ መስተዋት ሄዶቹን አየን። አንደኛው ላይ ቡናማ ዱቄት ተጋግሯል፤ የቀድሞ ዲስክ ሽፋን ነው። በአልኮል በራሰ ጨርቅ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጠረግነው።

ቀጥሎ ኃይል። ካርትሪጅ ሳንከት፣ ሄዶቹን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ገመድ ነቅለን በቴስተር ለካን። +5 ቮልት ደህና ነው። +15ም ደህና። −15 መሆን የነበረበት ግን −3 ላይ ቆሟል። ወዳጄ «ቦርዱን እንቀይረው» አለኝ፤ እጁ መለዋወጫው ላይ ነበር። እንደ እኔ የዚያን ጊዜ። ቆይ አልኩት። ሞተሩ +15ንም −15ንም ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ሄዶቹ ባልታሰበ አቅጣጫ ሊወረወሩ ይችላሉ፤ ይህን አዲስ ቦርድ ላያድነው ይችላል። ገመዱን ወደ ኋላ እየተከተልን ኃይል ማከፋፈያው ጋ ደረስን። በማጉያ መነጽር ሲታይ አንዲት የብየዳ ነጥብ ዙሪያዋን እንደ ቀለበት ተሰንጥቃለች። የዓይን ብሌን አታህልም። ደግመን በየድናት፤ −15 መጣ።

የመጀመሪያው ሙከራ ምንም ቁም ነገር በሌለበት ባዶ ካርትሪጅ ነበር። ሄዶቹ ሲገቡ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን። የሚፋቅ ነገር የለም። የዝግጁነት መብራቱ በራ። አጥፍተን፣ ሄዶቹን እንደገና በመስተዋት አየናቸው፤ ንጹሕ ናቸው።

ከድራይቩ ጋር የመጣው፣ የሰው ሥራ ያለበት ካርትሪጅ አሁንም መደርደሪያ ላይ ነው። ባዶውን አሥር ጊዜ ጭነን እስክናወርድ፣ በየመሐሉም ሄዶቹን እስክናይ ድረስ አንነካውም። እስከ ዛሬ ስድስት ጊዜ ጭነናል።