ጭረት ነው ወይስ የብረት ቅሪት? የመታጠቢያ ቤት ጥያቄና መልስ

ሲንክ፣ ሻወርና የሽንት ቤት መቀመጫ ስገጥም ሃያ ዓመት አልፎኛል። ዛሬ ከሰዓት ነጻ ነኝ፤ ስለ ጭረትና ስለ ጥቁር መስመር የሚያሳስባችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲሱን የሽንት ቤት መቀመጫ የቤት ሠራተኛችን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተገችው። ውስጡ በግራጫ መስመር ተሞላ። ሦስት ሌሊት በረኪና ደፍቼ አሳደርኩ፣ ምንም አልለወጠም። ተበላሸ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ልጅቷንም አትቆጧት። በመጀመሪያ ጥፍርሽን በመስመሩ ላይ አቋርጠሽ ጎትቺ። ጥፍርሽ ካልተያዘ ጭረት አይደለም። ሴራሚኩን የሸፈነው ብርጭቆ መሳይ ልባስ ከሽቦው ይጠነክራል። ስለዚህ የተፋቀው ሽቦው ነው፤ እርሳስ ወረቀት ላይ እንደሚቀር ብረቱ እላዩ ላይ ቀርቷል። በረኪና ቀለም ያነጣል፣ ጀርም ይገድላል፤ ብረት ግን አያነሳም። ለብረት አሲድ ያስፈልጋል፣ ከሁሉም የሚሻለው ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት የጽዳት ዱቄት ነው። ጓንት አድርጊ፣ ውሃውን ቀንሺ፣ ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ለውሰሽ ቀቢው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀሽ በለስላሳ ስፖንጅ አሽተሽ በብዙ ውሃ አጥቢው።

እልኸኛ መስመር ከቀረ የእግር መፈተጊያ ድንጋይ አለ፤ ያ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ድንጋዩም ሴራሚኩም እርጥብ ይሁኑ፣ እጅሽም ቀለል ይበል። እኔ በጀማሪነቴ በደረቁ ፈትጌ የሰው ሲንክ አደብዝዣለሁ፤ ዋጋውን ከኪሴ ከፍያለሁ።

ጥያቄ፦ ኦክሳሊክ አሲዱ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ አሜሪካ ያላችሁ ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የሚባለውን ዱቄት በየሱቁ ታገኛላችሁ፤ ከ1882 ጀምሮ የሚሸጥ ነው። አገር ቤት ያላችሁ የጽዳት ኬሚካል የሚሸጡ መደብሮችን ጠይቁ፣ መለያው ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። ከታጣ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳችሁ ሞክሩ፤ ቀላሉን መስመር ያነሳል፣ ክንድ ግን ይፈልጋል። በነገራችን ላይ ልጅ ሳለን የምናኝከው የእምቧጮ ግንድ ጥርስ የሚያደነዝዘው በዚሁ አሲድ ነው። ዱቄቱ ግን ከእምቧጮ እጅግ የበረታ መርዝ ስለሆነ ከሕጻናት አርቁት።

ጥያቄ፦ በረኪናውን ከአሲዱ ጋር ብቀላቅለው አይፈጥንም?

መልስ፦ በፍጹም! የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሊገድልም ይችላል። በረኪና ደፍተው ከነበረ በብዙ ውሃ ሳያጥቡ አሲድ አያስጠጉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የሻወር መጋረጃ ብረት ወድቆ ገንዳውን ጫረው፤ ጥፍሬን ይይዛል። ዲፖዚቴን እንዳላጣ ፈራሁ።

መልስ፦ ይህ እውነተኛ ጭረት ነው። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋ። ከያዘ ገንዳው በኢናሜል (ብርጭቆ መሳይ ልባስ) የተለበጠ ብረት ነውና ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው። ካልያዘና ሲያንኳኩት እንደ ፕላስቲክ የሚሰማ ከሆነ አክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ሊሆን ይችላል። አክሪሊክ ቀለሙ እስከ ውስጡ አንድ ስለሆነ ይታረማል፦ 800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስክ ጀምር፣ ወደ 1200፣ ከዚያ ወደ 2000 ተሻገር፤ ድብዝዝ ያለውን ቦታ በመኪና ፖሊሽ መልሰህ አብራው። ከሥር የተለየ ቀለም ብቅ ካለ ግን በላዩ የተቀባ ነውና ወዲያው አቁም። እኔ ብሆን ከመንካቴ በፊት ፎቶ አንስቼ ለአከራዩ እነግረዋለሁ፤ የራስ ጥገና ካልተሳካ ነገሩ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነኝ። ቧንቧው ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር በሽቦ ስፈትግ ከርሜ አሁን ቢጫ ብቅ አለ። ወርቅ አገኘሁ ልበል?

መልስ፦ ነሐስ ነው ያገኙት! የክሮሙ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ያነሰ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ግን ብዙውን ጊዜ ሰባና ሰማንያ ማይክሮን ያህል ነው። ልባሱ ከተፋቀ ቤት ውስጥ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ እንዳለ ይጠቀሙበት ወይም ይቀይሩት። ነጩ ነገር የድሬ ውሃ የሚተወው የኖራ ቅሪት ነው። በሚቀጥለው ቧንቧ ላይ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ የነከረ ጨርቅ ለሩብ ሰዓት ይጠቅልሉበት፣ በውሃ ያለቅልቁት፣ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት። ሽቦውን ለድስት ይተዉት።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ሠራተኛው ካቻቢቴ ጥሎ የሲንኩን ጠርዝ ሸረፈው። አሲዱ ይሠራለታል?

መልስ፦ አይሠራም፤ የተሸረፈ በአሲድ አይሞላም። ለሴራሚክ መጠገኛ የሚሸጥ ነጭ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) አለ፤ ቦታውን አድርቀህ በስሱ ደራርበው። ከሽርፉ የሚነሳ ስንጥቅ ወደ ታች ከወረደ ግን ሲንኩን ቀይረው፤ ውሃ ሞልቶ ሳለ ቢከፈል ስለቱ እንደ ቢላዋ ነው።