ውሃ ትን ለሚላቸው እናት፦ መጀመሪያ ወንበራቸውን እዪ

አብሽሪ እህቴ። ከሐይቅ ከተማ የጻፍሽውን አነበብኩት። እናትሽ ከስትሮክ በኋላ ጀርባቸው ጎብጧል፣ አንገታቸውም ወደ ፊት ወጥቷል። ገንፎ ይወርድላቸዋል፤ ውሃና ቡና ግን ትን ይላቸዋል። «አንገታቸው ቢቃና መዋጡ ይሻሻላል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። ከስር ብዙ ሰው «አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይዋጡ» ብሎ መልሶልሻል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ቤት ለቤት ስሠራ እንዲህ ያሉ ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል። መልሴ «አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል» ነው። ግን ከአንገት አትጀምሪ።

እስቲ ጣትሽን ማንቁርትሽ ላይ አድርጊና ምራቅሽን ዋጪ። ከፍ ብሎ ሲመለስ ይሰማሻል። አሁን ደግሞ ጣራውን እያየሽ ዋጪ። ከበደሽ አይደል? ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ካልተሳበ የአየር ቧንቧው በደንብ አይዘጋም፣ የምግብ ቧንቧውም በቅጡ አይከፈትም። የሚስቡት ከአገጭ ስር ያሉ ጡንቻዎች ናቸው። ጀርባው የጎበጠ ሰው ፊት ለፊቱን ለማየት አገጩን ያነሳል። ያኔ እነዚያ ጡንቻዎች ተወጥረው ጉልበት ያጣሉ። ውሃ ደግሞ ፈጣን ነው፤ የአየር ቧንቧው ሳይዘጋ ይደርሳል። ገንፎ ቀስ ስለሚል ጊዜ ይሰጣቸዋል።

ስለዚህ ከዳሌ ጀምሪ። በየቤቱ የማየው ነገር አለ፤ ታማሚው በክብር የሚቀመጠው በጣም በሚለሰልሰው ሶፋ ላይ ነው። አሳቢነቱ ደስ ይላል፣ ለመዋጥ ግን ከሱ የባሰ ወንበር የለም። ዳሌ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ አገጭ ይነሳል። ጠንካራ መደገፊያ ያለው ወንበር ፈልጊ። መቀመጫቸው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይግባ። ጋቢ ጠቅልለሽ ከወገባቸው ኋላ አድርጊ። እግራቸው መሬት ይርገጥ፤ ካልደረሰ የማይንሸራተት ነገር ከስር አስገቢ። የደከመውን እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ በትራስ ደግፊው፤ ከተንጠለጠለ ትከሻቸውንም አንገታቸውንም ይዞ ይወርዳል።

ይሄ ሲስተካከል አንገቱ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል፣ ቢያንስ በከፊል። የቀረውን በጉልበት አታቃኚው። ለዓመታት የደረቀ አንገት በመግፋት አይቃናም፤ ያማቸዋል እንጂ። ጭንቅላታቸው እንዲያርፍ ፎጣ አጥፈሽ ከኋላው አድርጊለት። በምግብ ሰዓት ጠንካራ የአንገት ኮላር ማሰሩን አልወደውም፤ መንጋጋንም ማንቁርትንም ይይዛል። ጭንቅላታቸው በቅርቡ ወደ ፊት መውደቅ የጀመረ፣ በተለይ ሲመሻሽ የሚብስና የዓይን ቆባቸውም የሚወርድ ከሆነ ግን የአቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል፣ ጡንቻን የሚያደክም፣ የራሱ መድኃኒት ያለው በሽታ እንዲህ ሊጀምር ይችላል። ለሐኪም ንገሪ።

ቀጥሎ አንቺ ነሽ። ቆመሽ አታጉርሻቸው! ቆመሽ ስታጎርሺ እጅሽን ለማየት ቀና ይላሉ፣ የደከምንበት ሁሉ ይበላሻል። ዱካ ስበሽ ከፊታቸው ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። ብርጭቆም እንደዚሁ ነው። ሲጎድል አፍንጫ ይነካል፣ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከፕላስቲክ ኩባያ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጠርዝ በግማሽ ክብ ቁረጪው። ስኒ ራሱ አፉ ሰፊ ስለሆነ ከረጅም ብርጭቆ ይሻላል። ክኒን ሲውጡም ጭንቅላት ወደ ኋላ መወርወር የለም። ክኒኑን ከመፍጨትሽ በፊት ደግሞ ፋርማሲስቱን ጠይቂ፤ መፈጨት የሌለበት አለ።

አገጭን ደረት ላይ ማድረግ ለአንዳንዱ ሰው በእርግጥ ይረዳል፣ ለሁሉም ግን አይሆንም። ጀርባቸው ጎብጦ እያለ አገጫቸውን ብትጫኚው ጉሮሯቸው ይታጠፋል። ቢረዳ እንኳ የሚፈለገው ሳህናቸውን የማየት ያህል ዝቅታ ነው። ከስትሮክ በኋላ ፊትን ወደ ደከመው ጎን አዙሮ መዋጥ የሚያድናቸውም አሉ፤ ምግቡ በደህናው በኩል ይወርዳል። የትኛው እንደሚሆናቸው ግን ሲውጡ ያየ ባለሙያ ይወስን። በአገራችን የመዋጥ ቴራፒስት እምብዛም የለም፤ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ሄደሽ ሐኪሙን ወይም ፊዚዮቴራፒውን ጠይቂ። ሳል መጥፋቱም አያዘናጋሽ። ሳያስል ወደ ሳንባ የሚገባ አለ። ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ ከሆነ፣ ትኩሳት ከተመላለሰ፣ ክብደት ከቀነሱ ጠርጥሪ።

መጠጣቸው እንደ ገንፎው ቀስ እንዲል ስታወፍሪው፣ ለውፍረቱ ቀላል መለኪያ አለ። መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዢ፤ መግፊያውን አውጪ። ጫፉን በጣት ዘግተሽ አጥሚቱን እስከ 10 ሙዪና ለ10 ሰከንድ ልቀቂ። ከ4 እስከ 8 ከቀረ ቀለል ያለ ወፍራም ነው። ከ4 በታች ከቀረ ገና ቀጭን ነው። ወፍራም ሲሆን ግን ሰው ትንሽ ነው የሚጠጣው፤ ሽንታቸው እንዳይጠቁር ተከታተዪ። ቆሎና ደረቅ በሶ ለጊዜው ይቅር፤ በደንብ የራሰ ፍትፍት ይሻላል። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ፣ አፋቸውም ይጽዳ። የቆሸሸ አፍ ትንታውን ወደ ሳንባ ምች ይለውጠዋል።

አሁን የሚቀመጡበትን ወንበር ከነእሳቸው ከጎን በኩል ፎቶ አንሺና በውስጥ ላኪልኝ፣ ፊታቸውን ሸፍነሽ። ጋቢው የት መግባት እንዳለበት አሳይሻለሁ። ትኩሳት ካላቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ፎቶውን ተዪና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።