«በጀት የለም» ያስኬዳል ወይ?

ሰላም። መሥሪያ ቤት «በጀት የለንም» ብሎ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ባይሆን ይጠየቃል ወይ ብለዋል። አዎ፣ ይጠየቃል። ግን ሁለት ነገር እንለይ።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። አንደኛው ነገር በአንቀጽ 9 ያለው፣ አገልግሎቱን ለሁሉም አካል ጉዳተኛ ምቹ የማድረግ ግዴታ ነው። አንቀጹ ሕንፃ ብቻ አይደለም የሚለው፤ ትራንስፖርት፣ መረጃ፣ ኢንተርኔትም አለበት። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ የግል ድርጅትም አያመልጥም።

ነባሩን ሕንፃ በአንድ ጀምበር አስተካክሉ የሚል የለም። ደረጃ በደረጃ ይሁን፣ ግን ዕቅድና የጊዜ ገደብ ይኑረው። አዲስ የሚሠራው ግን ከመሠረቱ ምቹ መሆን አለበት። (ራምፕ ሠርቶ በሩን መቆለፍ ደግሞ ለፎቶ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።)

ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ቀርቦ «ይህን አመቻቹልኝ» ሲል ነው። መስማት የተሳነው ባለጉዳይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ጠየቀ እንበል። እዚህ ላይ «ቀስ በቀስ» አይሠራም፤ ግዴታው ከጠየቀበት ጊዜ ይጀምራል። እምቢ ለማለት ሸክሙ ከመጠን በላይ መሆኑን ማስረዳት ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው። ካላስረዳ፣ በአንቀጽ 2 መሠረት አድልዎ ነው።

አገርዎ ስምምነቱን ማጽደቋን ያረጋግጡና ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በቃል «አይሆንም» መባል ለአቤቱታ አይመችም።