ትናንት እዚህ ነበረች፣ ዛሬ የት ሄደች? ስለ ጨረቃና ስለ ደማቆቹ ፕላኔቶች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የቀረቡትን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ለአብዛኞቹ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ዓይን፣ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጨረቃ በምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ እንደምትጠልቅ ማንም ያውቃል። ታዲያ ትናንት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ያየኋት ጨረቃ ዛሬ በዚያው ሰዓት ወደ ምሥራቅ ሸሽታ ያገኘኋት ለምንድን ነው? ወደ ኋላ ትሄዳለች እንዴ?

መልስ፦ ሁለት እንቅስቃሴ ተደባልቆብህ ነው፤ የዛሬው ጥያቄ ግማሹም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። በአንድ ሌሊት ውስጥ ጨረቃውም፣ ፕላኔቱም፣ ኮከቡም ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል የምታየው የመሬትን መሽከርከር ነው። በሰዓት 15 ዲግሪ፣ ሁሉም እኩል፣ ማንም ከማንም ሳይቀድም። የጨረቃ የራሷ ጉዞ ግን መሬትን መዞሯ ነው፤ አቅጣጫውም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። በከዋክብቱ መካከል በቀን 13 ዲግሪ ያህል ትገፋለች፤ አንዱን ዙር በ27.3 ቀን ትጨርሳለች። ስለዚህ በሰዓታት ውስጥ የሚታየውን ለመሬት ስጥ፣ ከሌሊት ሌሊት የሚታየውን ፈቀቅ ማለት ለራሷ ለጨረቃ ስጥ። ሁለቱን ለመለየት ዋናው ዘዴ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ላይ ማየት፣ ቦታዋንም ከቤት ጣሪያ ወይም ከዛፍ ሳይሆን አጠገቧ ካለ ኮከብ አንፃር መያዝ ነው።

አንድ ማስተካከያ ልጨምር፦ ከዋክብቱም ቢሆኑ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው ይወጣሉ፤ በተመሳሳይ ሰዓት ስታያቸው በቀን አንድ ዲግሪ ወደ ምዕራብ ተገፍተው ታገኛቸዋለህ። መሬት ፀሐይን ስለምትዞር የሚመጣ ነው። በዚህ ምክንያት ጨረቃ ከአድማስ አንፃር ስትለካ ፈቀቅታዋ 13 ሳይሆን 12 ዲግሪ ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዲግሪውን በምን እለካለሁ? መሣሪያ የለኝም።

መልስ፦ እጅህ አለልህ። ክንድህን ሙሉ በሙሉ ዘርጋና አንድ ዓይንህን ጨፍን። ትንሿ ጣት አንድ ዲግሪ ገደማ ትሸፍናለች፣ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ፣ ስንዝር ደግሞ 20 ዲግሪ አካባቢ። የልጅም ሆነ የአዋቂ እጅ ቢሆን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ትልቅ እጅ ያለው ሰው ክንዱም ረጅም ነውና። ጨረቃ ራሷ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት። የዘረጋኸው ክንድ ላይ ያለችው ትንሿ ጣት ሙሉ ጨረቃን ሸፍና ትተርፋለች፤ ብዙ ሰው እስኪሞክረው ድረስ አያምንም።

ጥያቄ፦ ጨረቃ በከዋክብት መካከል ስትንቀሳቀስ በዓይን ማየት ይቻላል? ቀን ሙሉ ሳልጠብቅ ማለቴ ነው።

መልስ፦ ይቻላል፣ ከሁሉም የምወደውም ይኼን ነው። በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ማለት የራሷን ስፋት ያህል ማለት ነው። በከፊል የተሞላች ጨረቃ አጠገብ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ደማቅ ኮከብ ያለበትን ምሽት ምረጪ። ቦታቸውን በደብተርሽ ላይ በክብና በነጥብ ሳይው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ሳይው፣ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ክቡና ነጥቡ በግልጽ ይቀራረባሉ። ጨረቃ ከአንድ ወር እስከ ሌላው የምታልፍበት መንገድ አካባቢ አራት ደማቅ ኮከቦች አሉ፦ አልደባራን፣ ሬጉለስ፣ ስፓይካና አንታሬስ። ፕሊያደስ የሚባለው የኮከቦች ዘለላም እዚያው ሰፈር ነው።

ዕድል ከቀናሽ ኮከቡን ትጋርደዋለች። ጨረቃ ገና እየሞላች ባለችበት ጊዜ ወደ ፊት የሚቀድመው ያልበራው ጠርዟ ስለሆነ፣ ኮከቡ የሚጠፋው ምንም በማይታይበት ጨለማ ላይ ነው። አይደበዝዝም፣ አይርገበገብም፤ አሁን አለ፣ አሁን የለም። ጨረቃ ብርሃኑን ቀስ በቀስ የሚያደበዝዝ ከባቢ አየር ስለሌላት ነው። ባይኖክላር ካለሽ ያን ቅጽበት አያምልጥሽ።

ጥያቄ፦ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ቀናት ማታ ማታ የት ትደበቃለች?

መልስ፦ አልተደበቀችም፣ ዘግይታ ነው የምትወጣው። በአማካይ በየቀኑ 50 ደቂቃ ትዘገያለች። ሙሉ በሆነችበት ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ከሳምንት በኋላ ግማሽ ሆና እኩለ ሌሊት አካባቢ ትወጣለች፤ ያኔ እርስዎ ተኝተዋል። ጠዋት ሲነሱ ወደ ምዕራብ ወገን ሰማዩን ይቃኙ፤ ፀሐይ ወጥታም ቢሆን ነጣ ብላ ያገኟታል።

ጥያቄ፦ 50 ደቂቃ ብለዋል። እኔ የመዘገብኩት ግን አንዳንዴ ከ40 በታች፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ያንተ ደብተር ትክክል ነው። 50 አማካይ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ጨረቃ በእኩል ፍጥነት አትሄድም፦ ለመሬት ስትቀርብ በቀን 15 ዲግሪ ገደማ፣ ስትርቅ 12 ገደማ ትጓዛለች። ሁለተኛውና ትልቁ ምክንያት መንገዷ ከአድማስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። መንገዱ ወደ አድማሱ ተጋድሞ ከሆነ፣ የ13 ዲግሪው ጉዞ በአብዛኛው ጎን ለጎን ስለሚሆን የመውጫ ሰዓቷ ብዙም አይዘገይም፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ከቆመ መዘግየቱ ይበዛል። ልዩነቱ ከምድር ወገብ ርቀህ በሄድክ ቁጥር ይሰፋል።

ጥያቄ፦ ዙሯ 27.3 ቀን ከሆነ ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ ለምን 29.5 ቀን ይሆናል?

መልስ፦ ፀሐይም በከዋክብቱ መካከል ወደ ምሥራቅ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ። ጨረቃ ዙሯን ጨርሳ ወደ ተነሳችበት ኮከብ ስትመለስ ፀሐይ 27 ዲግሪ ርቃለች። እሷን ለመድረስ ተጨማሪ ሁለት ቀን ከምናምን ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ ደማቅ ነጥብ ባየሁ ቁጥር ፕላኔት ይሁን ኮከብ አላውቅም። መለያው ምንድን ነው?

መልስ፦ ኮከብ ይርገበገባል፣ ፕላኔት ብዙውን ጊዜ ረጋ ብሎ ያበራል የሚባለው እውነት ነው፤ አድማስ አጠገብ ግን ፕላኔቱም ስለሚርገበገብ በእሱ ብቻ አትመኑ። የተሻለው ቦታው ነው። ፕላኔቶች ሰማይ ላይ በዘፈቀደ አይገኙም፤ ፀሐይ በዓመት ከምትሄድበት መስመር ብዙ አይርቁም፤ ጨረቃም ከዚያው መስመር ከ5 ዲግሪ ትንሽ በላይ ብቻ ነው የምትወጣው። ከመስመሩ ራቅ ብሎ ያለ ደማቅ ነጥብ ካያችሁ ፕላኔት አይደለም። ሲሪየስ ለምሳሌ ከከዋክብት ሁሉ ደማቁ ስለሆነ ብዙዎች ፕላኔት ነው ይላሉ፤ ግን ከመስመሩ በጣም ይርቃል። ቬነስና ጁፒተር ከሲሪየስም ይደምቃሉ። ማርስ ቀላ ይላል፣ ሳተርን ገርጣ ያለ ቢጫ ነው።

ጥያቄ፦ ጁፒተርን ለሁለት ሳምንት ተከታተልኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ዓይኔ ነው ወይስ እሱ?

መልስ፦ አንተም ደህና ነህ፣ እሱም እየሄደ ነው። ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት በዓመት ወደ 30 ዲግሪ ይሄዳል፤ በቀን ሲካፈል የዲግሪ አሥራ ሁለተኛ ነው። በሁለት ሳምንት በአማካይ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት ሦስቴ ያህል ነው፤ አጠገቡ ኮከብ ካልያዝክ አታስተውለውም። ሳተርን ከዚያም ይብሳል፤ ዙሩ 29 ዓመት ተኩል ነው፣ በዓመት 12 ዲግሪ። ለእሱ በሳምንት ሳይሆን በወር አስብ። ማርስ ግን በአማካይ በቀን ግማሽ ዲግሪ ይሄዳል፤ በሳምንት ውስጥ ለውጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከጨረቃ ጀምሮ ወደ ማርስ ይሸጋገር፣ ጁፒተርን ለኋላ ያቆየው።

ሌላም ሊያዘናጋህ የሚችል ነገር አለ፦ ፕላኔቶች አቅጣጫ ከመቀየራቸው በፊት ለቀናት የቆሙ ይመስላሉ። የተመለከትክበት ጊዜ ያ ሊሆን ይችላል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄም ይወስደናል።

ጥያቄ፦ ማርስ ወደ ኋላ የሚሄድበት ጊዜ አለ ሲባል ሰማሁ። ፕላኔት እንዴት ወደ ኋላ ይሄዳል?

መልስ፦ አይሄድም፣ የሄደ ይመስላል እንጂ። ፈጣን መኪና ውስጥ ሆነህ ቀርፋፋውን ስትቀድም፣ የተቀደመው መኪና ከሩቁ ተራራ አንፃር ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል አይደል? መሬት የውስጠኛውን፣ አጭሩን መስመር ይዛ ማርስን በየ26 ወሩ ትቀድመዋለች። በቀደመችው ሰሞን ማርስ በከዋክብቱ መካከል ለሁለት ወር ወይም ለሁለት ወር ተኩል ያህል ወደ ምዕራብ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ቆም ይልና የቀድሞ አቅጣጫውን ይይዛል። በየሦስት አራት ቀኑ ነጥብ እያደረግህ ብትስለው ቀለበት ወይም የተጋደመ የ‹‹ዝ›› ዓይነት ቅርጽ ይወጣልሃል።

ይህ ቀለበት የሰው ልጅን ለብዙ መቶ ዓመታት አስቸግሯል። ሁሉም ነገር መሬትን ይዞራል ብሎ የሚያምን ሰው ለማስረዳት ክብ በክብ ላይ መደራረብ ነበረበት። ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ፀሐይን መሐል ሲያስቀምጣት ቀለበቱ በራሱ ተፈታ። ኬፕለር ደግሞ ታይኮ ብራሄ ያለ ቴሌስኮፕ የመዘገበውን የማርስ ቦታ ይዞ ብዙ ከታገለ በኋላ፣ የማርስ መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን በ1609 አሳተመ። በዓይን ብቻ የተሠራ መዝገብ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፕላኔት ወደ ኋላ ሲሄድ ሥራ አትጀምር፣ ውል አትፈርም የሚሉትስ?

መልስ፦ ከላይ እንዳየነው የእይታ ጉዳይ ነው። ውልህን ፈርም፣ ግን መጀመሪያ አንብበው።

ጥያቄ፦ የአጥቢያ ኮከብና ማታ በምዕራብ የምትታየው ደማቅ ኮከብ አንድ ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ ሁለቱም ቬነስ ናት። ለፀሐይ ከእኛ ይልቅ ስለምትቀርብ በሰማይ ላይ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ በላይ አትርቅም፤ ለዚህ ነው እኩለ ሌሊት ላይ አናታችን ላይ የማናያት። ስምንት ዘጠኝ ወር ያህል የምሽት ኮከብ ትሆናለች፦ መጀመሪያ ዝቅ ብላ፣ ከሳምንት ሳምንት ከፍ እያለች፣ ከዚያ በፍጥነት ትወርድና በእኛና በፀሐይ መካከል አልፋ በጥቂት ቀናት ውስጥ በንጋት በኩል ብቅ ትላለች። ከንጋት ወደ ምሽት ስትመለስ ግን በፀሐይ ጀርባ ስለምትዞር ለሳምንታት ትጠፋለች። አጠቃላይ ዑደቱ 584 ቀን ነው፤ የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝብ የሆኑት የጥንት ማያዎችም ይህን ቁጥር ያውቁት ነበር። አምስት ዑደት ከ8 ዓመት ጋር በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ስለሚገጥም፣ ዛሬ የምታይበትን ቦታ ብትመዘግቢው ከ8 ዓመት በኋላ በዚሁ ሰሞን እዚያው አካባቢ ታገኛታለሽ።

በባይኖክላር ካየሻት ደግሞ የምሽት ኮከብ የምትሆንበት ጊዜ ማብቂያ አካባቢ ቀጭን ጨረቃ መስላ ትታያለች። ጋሊሊዮ የቅርጿን መለዋወጥ በ1610 በቴሌስኮፕ አይቶ ቬነስ ፀሐይን እንደምትዞር ተረድቷል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ባይኖክላር ወደዚያ አቅጣጫ አታዙሪ፤ ዓይን ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ጨረቃ ባለፈው ወር ጁፒተርን ልትነካው ነበር፣ ዘንድሮ ግን ራቅ ብላ አለፈች። ለምን?

መልስ፦ ‹‹ዘንድሮ›› ያልከው ‹‹በዚህ ወር›› ለማለት ይመስለኛል። ጨረቃ ጁፒተርን በየ27 ቀን ተኩል ገደማ ታልፈዋለች፤ ግን መንገዷ ያዘነበለ ስለሆነ አንዴ ከላዩ አንዴ ከታቹ ታልፋለች። በዚያ ላይ ሁለቱ መንገዶች የሚቋረጡባቸው ነጥቦች ራሳቸው በ18.6 ዓመት ዙር ይንሸራተታሉ። ደግሞም በጣም የሚቀራረቡበት ሰዓት ለእናንተ ቀን ከሆነ፣ ማታ ስታዩአቸው ጨረቃ ብዙ ዲግሪ አልፋው ሄዳለች።

ጥያቄ፦ ሜርኩሪን አይቼው አላውቅም።

መልስ፦ ብዙ ሰው አላየውም። ከፀሐይ ከ28 ዲግሪ በላይ አይርቅም፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት፣ ከጀንበር መጥለቂያ በኋላ ወይም ከንጋት በፊት አድማስ ጥግ ይታያል። ሕንፃና ተራራ የማይጋርደው ቦታ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ደብተር ልጀምር ነው። ምን ልጻፍ? ቀጥሎስ ምን ልጠብቅ?

መልስ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የት አቅጣጫ፣ ከየትኛው ኮከብ በስንት ጣት ወይም ጭብጥ ርቀት። በቃ። ስልክ ላይ ያለ የሰማይ መተግበሪያ ስም ለማወቅ ይጠቅማል፤ ግን መጀመሪያ ሳለው፣ ከዚያ አመሳክር። የመጀመሪያውን ወር ለጨረቃ ስጠው።

የምትጠብቀውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2027 ጥሩ መጀመሪያ ነው። በዚያ ወር ጁፒተርም ማርስም ከፀሐይ ትይዩ ይሆናሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይታያሉ። ሁለቱም በዚያ ሰሞን ወደ ምዕራብ ሲንሸራተቱ ነው የምታገኛቸው፤ የማርስ ግን በጣም ይፈጥናል። ከጃንዋሪ መጀመሪያ ጀምረህ ነጥብ እያደረግህ ከጠበቅህ ማርስ የሚዞርበትን ቦታ ትይዘዋለህ። ረጅም ለሚያስብ ደግሞ ጁፒተርና ሳተርን አሉ፤ በየ20 ዓመቱ ይገናኛሉ። በዲሴምበር 21 ቀን 2020 የዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ተቀራርበው ነበር፤ ከ1623 ወዲህ እንዲያ ተጠጋግተው አያውቁም። ቀጣዩ ግንኙነታቸው 2040 ላይ ነው።