ማህተሙ 43 ይላል፤ ቁጥሮቹ ግን አይስማሙም

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ከአጎቴ የወረስኩት አሮጌ የጦር ጠመንጃ አለ። በርሜሉ የሚገባበት ወፍራም ቀለበት ላይ ቢ፣ ዋይ፣ ኤፍ የሚሉ ሦስት ትንንሽ የላቲን ፊደላትና 43 የሚል ቁጥር ተመቷል። በግራ ጎኑ ኤክስ የመሰለ ምልክት አለው። ቦልቱ፣ ማለትም ጥይቱን የሚያጎርሰው ተንቀሳቃሽ ብረት፣ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ በእጅ የተጫረ ይመስላል። አንዱ ወዳጄ ብዙ ገንዘብ ያወጣል ይላል። ሌላው፣ መጀመሪያ ብረቱን አስወልውለው፣ እንጨቱንም ቫርኒሽ አስቀባው ይለኛል። ማንን ልስማ?»

ሁለተኛውን በፍጹም አይስሙ። የመጀመሪያውንም ቢሆን ቆይተው ይስሙት።

ከሁሉ በፊት አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው ቦልቱን ይሳቡ። ጥይት አለመኖሩን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም ዳስሰው ያረጋግጡ። የወረሱትን መሣሪያ ስለ መያዝና ስለ መሸጥ የሚኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚልም ዋጋ ከማውራት በፊት ይጠይቁ።

አሁን ወደ ማህተሙ። በእጅዎ ያለው የጀርመኑ ማውዘር፣ ካራቢነር 98 ኬ ነው። ጀርመኖች የትኛው ፋብሪካ ምን እንደሚያመርት ጠላት እንዳያውቅ ስሙን በኮድ ይደብቁ ነበር። ኦበርንዶርፍ ከተማ ያለው የማውዘር ፋብሪካ መጀመሪያ «ኤስ/42» ብሎ ይመታ ነበር። ኋላ «42» ብቻ ሆነ። ከ1941 ጀምሮ «ቢ፣ ዋይ፣ ኤፍ» መጣ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። 43ቱ ዓመቱ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጠመንጃ፣ ቢያንስ ዋናው አካሉ፣ በ1943 ኦበርንዶርፍ ተወልዷል። «ቢ፣ ኤን፣ ዜድ» ቢል ኖሮ የኦስትሪያው ሽታየር፣ «ዲ፣ ኦ፣ ቲ» ቢል የቼኩ ብርኖ ፋብሪካ ሥራ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ቀለበቱ ላይ «42» የሚል አይቶ «የ1942 ነው» ብሎ የሚምል ሰው ስንቴ እንደገጠመኝ! 42 የፋብሪካው ኮድ ነው። ዓመቱ ለብቻው ነው የሚመታው።

ተከታታይ ቁጥሩም ያታልላል። ቆጠራው እስከ አሥር ሺህ ገደማ ሄዶ ከፊደል ጋር እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በየዓመቱም እንዲሁ ይታደሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት አኃዝ ያላቸው በርካታ ጠመንጃዎች አሉ። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከፋብሪካው ኮድ፣ ከዓመቱና ከሥሩ ካለችው ትንሽ ፊደል ጋር ሲነበብ ነው። «ቁጥሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ውድ ነው» የሚልዎት ካለ ፈገግ ብለው ይለፉት።

የእርስዎን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ኤክሱ ነው። ይህ ምልክት ከሶቪየቶች የጥገና ሥራ ጋር ይያያዛል። ሶቪየቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማረኳቸውን እጅግ ብዙ የጀርመን ጠመንጃዎች ሰብስበው ፈቷቸው። ክፍሎቹን አጽድተው፣ ብረቱን በኬሚካል እንደገና አጥቁረው፣ ከክምሩ የተገኘውን አንስተው መልሰው ገጠሟቸው። ቦልቱ ከአንዱ፣ ሰደፉ ከሌላው፣ የጥይት ማጎሪያው ክዳን ከሦስተኛው ይመጣል። ከዚያ የዋናውን አካል ቁጥር በሌሎቹ ላይ በኤሌክትሪክ ብዕር ይጭሩበታል ወይም የድሮውን በመስመር ሰርዘው አዲሱን ይመቱበታል። እንጨቱንም ሼላክ የሚባል ቀላ ያለ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀቡታል። የጀርመኑን የንስር ማህተም በብዙዎቹ ላይ ቀጥቅጠው አጥፍተውታል። ቁጥሮቹ ዛሬ ይመሳሰሉ ይሆናል፤ ዝምድናው ግን የመጋዘን ነው፤ አብረው አልተወለዱም።

ዋጋውም የሚለየው እዚህ ነው። ሰብሳቢዎች በጣም የሚከፍሉት ፋብሪካ የመታቸው ቁጥሮች ሁሉ የሚስማሙለት፣ ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ እጅ ያልነካው ጠመንጃ ነው። እንደ እርስዎ ያለው፣ ተማርኮ የታደሰው፣ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ታሪኩ የታወቀ፣ ፈላጊም ያለው ነው። ግን «ብዙ ያወጣል» ያሉት ወዳጅዎ በጨረታ ያዩት የመጀመሪያውን ዓይነት ይመስለኛል። ሲያወዳድሩ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን ይመልከቱ። እሱንም ከዚያው ኮድ፣ ከዚያው ዓመት፣ እንደ እርስዎው ከታደሰ ጠመንጃ ጋር ያስተያዩ።

ቫርኒሹን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልንገርዎት። ወጣት ሳለሁ አንድ የቆሸሸ ሰደፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ እንደ መስታወት አበራሁት። ኮራሁበትም። በኋላ አንድ አዛውንት አይተው «ማህተሙስ?» አሉኝ። እንጨቱ ላይ የነበረው የፋብሪካው መርማሪ ምልክት ከብናኙ ጋር ተጠርጎ ሄዷል። መልሶ የሚያመጣው ነገር የለም። እርስዎ ብረቱን በትንሽ ዘይት በራሰ ለስላሳ ጨርቅ፣ እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ አይለፉ። ሼላኩንም አያስልጡ፤ እሱም የታሪኩ አካል ነው።

ይህን ጠመንጃ «ወደ ጥንቱ» እመልሰዋለሁ የሚል ከመጣም ይጠንቀቁ። ኤክሱን ሞርዶ፣ ንስሩን እንደገና መትቶ እንዳልተነካ የሚሸጥ አለ። የሐሰት ምት ሲታይ ያስታውቃል። በዙሪያው ያለው ብረት አርጅቶ ሳለ የማህተሙ ጠርዝ ስል ከሆነ ወይም ምቱ ቀለሙን ሰብሮ የገባ ከመሰለ ይጠርጥሩ። የናዚዎቹ ጦር የኤስ ኤስ ምልክትማ ካዩ ገና ከጅምሩ አይመኑ፤ የአጭበርባሪዎች ተወዳጅ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የኋላ ታሪክ ዋጋ የሚቀንሰው ሁልጊዜ አይደለም። በሩሲያው ሞሲን ናጋን ጠመንጃ ላይ በሳጥን ውስጥ የተመታ «ኤስ ኤ» ካዩ በፊንላንድ ጦር እጅ አልፏል ማለት ነው፤ ሰብሳቢም ይወደዋል። በጃፓኑ አሪሳካ ጠመንጃ ላይ ደግሞ ነገሩ ከአንዲት አበባ ጋር የተያያዘ ነው። አሥራ ስድስት ቅጠል ያላት የንጉሠ ነገሥቱ አበባ ሳትሞረድ ከተገኘች ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከጦርነቱ በኋላ የተረከቡት አብዛኞቹ ተሞርደዋልና።

አንድ ሥራ ልስጥዎት። ቦልቱን አውጥተው በማጉያ መነጽር እጀታው ሥር ይመልከቱ። ከተጫረው ቁጥር አጠገብ የተሰረዘ ሌላ ቁጥር አለ? የጥይት ማጎሪያው ክዳንና እንጨቱን የያዙት ቀለበቶች ላይስ? ትንሽ ንስር ከሥሩ 135 ከሚል ቁጥር ጋር ካገኙ ያ ክፍል ኦበርንዶርፍ ውስጥ ተመርምሮ ያለፈ ነው። ብሎን ለመፍታት ከተገደዱ ልክ የሚገጥም መፍቻ ይጠቀሙ፤ የተበላ የብሎን ራስ ገዢ ከሩቅ ያየዋል። ፎቶ ሲያነሱ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ያኔ ጥላው ማህተሙን ያወጣዋል። እነዚያን ፎቶዎች ይላኩልኝና ምን ያህሉ ክፍል የራሱ እንደሆነ አብረን እንቆጥራለን።